ስትቆም የምታርረው ኮሮላ

መጀመሪያ መኪናዋን ላስተዋውቃችሁ። ቶዮታ ኮሮላ ናት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የ1998 ስሪት፣ ነጭ፣ ማርሿ በእጅ። ሞተሯ ፎር ኤ ኤፍ ኢ የሚባለው ባለ 1587 ሲሲ ቤንዚን ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሞተር ያልፈታ መካኒክ ማግኘት ይከብዳል። ዳሽቦርዷ ላይ 280 ሺህ ኪሎ ሜትር ይነበባል። እውነተኛውን ቁጥር ፈጣሪ ይወቀው፣ ከእኔ በፊት ሊብሬው በአራት ሰው እጅ አልፏል። የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከታገደበት ከ2016 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያለችውን መኪና ሰው እንደ ጥገት ላም ነው የሚንከባከባት። ስለዚህ አንድ የጥቅምት ማታ ባለቤቴ ገና ከበሩ ሳትገባ «አንተ፣ ይቺ መኪና የሆነ ነገር እያረረባት ነው» ስትለኝ እራቴን ትቼ ወጣሁ።

ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነው። እሷ የምትሠራው 4 ኪሎ አካባቢ ስለሆነ በየማታው ከ6 ኪሎ ወደ ላይ ያለውን ዳገት ትወጣዋለች። ዳገቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ታክሲው ይቆማል፣ ሰው ያወርዳል፣ አንተም ከኋላው ቆመህ በግማሽ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው) ተንጠልጥለህ ትጠብቃለህ። ታዲያ እኔ ምን አልኩ? «ፍሪሲዮን ላይ እግርሽን ጭነሽ እየነዳሽ ነው»። እሷም «ፍሪሲዮን ቢሆንማ ስነሳ ነበር የሚሸተው፣ ይሄ ግን የሚብሰው ቆሜ መብራት ስጠብቅ ነው» አለችኝ።

ሙሉው መልስ እዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነበር። አልሰማኋትም። ሁለት ወርና ብዙ ብር የፈጀብኝ አለመስማቴ ነው፣ ይህን ከአሁኑ ልናዘዝ።

በማግስቱ ራሴ ነዳኋት። እውነትም ትሸታለች። ሽታው ምጣድ ላይ የተረሳ ዘይት ዓይነት ነው፣ ወፍራም፣ ጉሮሮ የሚይዝ። እኔ ግን «ፍሪሲዮን» ብዬ ስለወሰንኩ አፍንጫዬም ፍሪሲዮን ነው የሸተተው። ሰው የወሰነውን ነው የሚያሸተው መሰለኝ። ለማረጋገጥ የሚደረገውን አደረግኩ፦ ሜዳ መንገድ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ቀስ ብዬ እየሄድኩ ነዳጁን እስከ ታች ረገጥኩት። ፍሪሲዮን ያለቀ ከሆነ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይሄድም። የእኔዋ ቀጥ ብላ ሄደች። ጤነኛ ነው ማለት ነው። ባለቤቴን ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ ያኔ ነበር። እኔ ግን ወደ ፍሬን ዞርኩ።

ፍሬን ሲይዝ፣ ማለትም ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ ሲቀር፣ እሱም ያርራል። ምርመራው ቀላል ነው። ፍሬን ብዙም ሳትረግጥ ትንሽ ነድተህ ትቆምና ቸርኬዎቹን አንድ በአንድ እጅህን አስጠግተህ ታያቸዋለህ፤ የያዘው ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ ይግላል። ቀዝቃዛ ውኃ የሚደፉም አሉ፣ የጋለ ዲስክ ላይ ውኃ መድፋት ግን ዲስኩን ሊያጣምመው ይችላል፣ ባታደርጉት። የእኔ አራቱም እኩል ለብ ያሉ ነበሩ። ይህን እያየሁም የፊት ሸራ አስቀየርኩ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሆነ ነገር ያደረግኩ እንዲመስለኝ ይሆናል።

እዚህ ላይ ስለ ሽታ ዓይነቶች ትንሽ ልበል፣ ያኔ ባውቀው ይጠቅመኝ ነበርና። የኤሌክትሪክ ሽታ ከሁሉም ይለያል፦ የሚቃጠል ፕላስቲክ ነው፣ ስለታም ነው፣ አንዳንዴ የተበላሸ ዓሣም ይመስላል። እሱ ከሸተተህ ጉዳይ ጥናት የለም፣ ዳር ይዘህ ሞተር ታጠፋለህ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ትፈታለህ። የላስቲክ ሽታ ከጩኸት ጋር ከመጣ ቺንጋ እየተንሸራተተ ነው። ጣፋጭ፣ ከረሜላ የሚመስል ሽታ ደግሞ የራዲያተር ኩላንት ነው፣ የሆነ ቦታ ማኒኮቶ (የውኃ ቱቦ) እያስተነፈሰ ይሆናል፤ ቧንቧ ውኃ ብቻ ለሚሞላ ሰው ግን ይህ ምልክት አይሠራም፣ ውኃ ምን ይሸታል? የፍሪሲዮን ሽታ የተቃጠለ ወረቀት ዓይነት ነው፣ ይሰነፍጣል፣ ካረፈ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። የሞተር ዘይት ግን የወጥ ቤት ሽታ ነው ያለው። ዘይት ሲያር የሚሸተውን ያውቃሉ፣ ያው ነው።

ሌላው ጥያቄ መቼ የሚለው ነው። መኪናው ሲሄድ ንፋሱ ከፊት በራዲያተሩ በኩል ገብቶ ሞተሩን እያጠበ ከሥር ይወጣል፣ ስለዚህ ሞተር ላይ የሚያርር ነገር ቢኖርም ጭሱ ተጠርጎ ይሄዳል። ስትቆም ንፋሱ ይቆማል። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣና በኮፈኑ ጫፍ፣ መስታወቱ ሥር ካለው የአየር ማስገቢያ ይገባል፣ ከዚያ አንተ አፍንጫ ላይ። የኮሮላዬን የንፋስ ማዞሪያ ወደ ውስጥ አየር ሳዞረው ሽታው በግማሽ ይቀንስ ነበር። ይህ ማለት ነገሩ ከኮፈን ሥር ነው ማለት ነው፣ ከጎማም ከፍሪሲዮንም አይደለም። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ያለ ማብራሪያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግራኝ ነበር።

ኮፈኑን የከፈትኩት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሞተሩ ሞቆ ነበር። ከፊት፣ ከራዲያተሩ ጀርባ፣ የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ (ጭሱን ከሞተሩ የሚቀበለው ቱቦ) ላይ ያለችው የላሜራ መከለያ ላይ ቀጭን ሰማያዊ ጭስ ትነሳለች። ልክ እጣን ላይ እንዳለች ክር። ከላይዋ የታፔት ክዳኑ፣ ማለትም ሞተሩን ከላይ የሚሸፍነው ክዳን፣ ጠርዝ ጥቁርና እርጥብ ነው። ዘይቱ ከዚያ ይወርዳል፣ ማኒፎልዱ ላይ ያርፋል፣ ያርራል። ማኒፎልድ ዳገት ላይ ብዙ መቶ ዲግሪ ይሞቃል፣ የሞተር ዘይት ደግሞ ከ200 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ይሰጣል። የዘይት መለኪያውን ሳወጣው ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ነበር። ሞተሩ የሚይዘው በጠቅላላው ሦስት ሊትር ከምናምን ነው፣ ከዚያ ላይ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ የለም።

ልቤ ቀለል አለ እንጂ አልከበደም። የታፔት ክዳን ጋርኒሲዮን ነዋ፣ ዘይት እንዳያልፍ ከክዳኑ ሥር የምትገባው ላስቲክ! ርካሽ ነገር። ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ሞተሩ ገና ሳይጠፋ አይቶ «ብራዘር፣ ይሄ የሁለት ሰዓት ሥራ ነው» አለኝ። አልዋሸም፣ ከሁለት ሰዓትም ያነሰ ነው የፈጀበት። ክዳኑን ፈታ፣ አዲስ ጋርኒሲዮን አደረገ፣ ዙሪያውን በሲልከን ሞላው፣ ዳዶዎቹን ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ አጠበቀ። ሲልከኑ በጠርዙ ተርፎ እንደ ኬክ ክሬም ወጥቶ ነበር። እኔ ደግሞ ያንን ሳይ «አቤት ሲጠነቅቅ» አልኩ።

ሦስት ሳምንት ደህና ሄደች። ከዚያ ሽታው ተመለሰ።

ኮፈኑን ስከፍት ዘይቱ ያው ቦታ ነው፣ እንዲያውም ሲልከኑን ገፍቶ በሁለት ቦታ ወጥቷል። እዚህ ጋ ነው ጉዳዩ ጉዳይ የሆነው። አዲስ ጋርኒሲዮን በሦስት ሳምንት አያረጅም። ወይ የተሠራበት መንገድ ልክ አይደለም፣ ወይ ከውስጥ የሚገፋው ነገር አለ። ወደዚያው ጋራዥ ተመለስኩ። ልጁ አሁን ነገሩን ከበድ አድርጎ ያዘው። «ፋሻው አልቆ ይሆናል፣ ኮምፕሬሽን እንለካ» አለ፤ ኮምፕሬሽን ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ ሲጨመቅ የሚፈጠረው ግፊት ነው። በሐሳቡ ስህተት የለበትም። የፒስተን ፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት፣ ሲያልቅ የሚቃጠለው ጋዝ በፒስተኑ ጎን አልፎ ወደ ዘይት ቋቱ ይገባል፣ ሞተሩ ከውስጥ ይነፋል፣ ዘይቱን በየጋርኒሲዮኑና በየፓራኦሊዮው (የዘይት ማገጃው ላስቲክ) ይገፋዋል። ካንዴላዎቹን አውጥቶ ለካ፦ 138፣ 135፣ 140፣ 136 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው)።

ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የሞተሩን ማኑዋል አሳየኝ። አዲስ ሲሆን 191፣ ትንሹ የሚፈቀደው 142። አራቱም ከ142 በታች። «ብራዘር፣ ሞተር ይውረድ»። ፋሻ፣ ብሮንዚን፣ ሙሉ ጋርኒሲዮን፣ ቶርኖ ቤት፣ የእጅ ዋጋ፤ ደምሮ 85 ሺህ ብር ጻፈልኝ። ማኑዋል አይቶ ለሚናገር ሰው ምን ትመልሳለህ? ቁጥር ቁጥር ነው። ቤት ስገባ ባለቤቴ ፊቴን አይታ ሻይ ብቻ አቀረበችልኝ፣ ምንም አልጠየቀችኝም።

ሞተሩን ለማስወረድ ቀጠሮ ይዤ ነበር። ያዳነኝ የቢሮ ጓደኛዬ ነው። «መጀመሪያ ጋሼ ይይልህ» አለኝ። ጋሼ የሚላቸው ኮልፌ በኩል ትንሽ ግቢ ያላቸው፣ ከ60 ያለፉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ መካኒክ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ የሚቆመው ቢበዛ ሦስት መኪና ነው። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። አዩት፣ ፈገግ አሉ።

«ልጄ፣ ይሄን ማኑዋል የጻፈው ሰው የት ሆኖ ነው የጻፈው?»

«ጃፓን መሰለኝ፣ ጋሼ።»

«እኮ። ባሕር ዳር ሆኖ ነዋ! የአባይን ባሕር ዳር አላልኩህም ደግሞ።»

ወጣት ሳሉ አሰብ ሠርተዋል። አሰብ ላይ 160 ያዩት ሞተር ሸገር ሲገባ 120 እንደሚያሳይ የተማሩት እዚያና እዚህ በመመላለስ ነው። ነገሩ ይህ ነው፦ ኮምፕሬሽን የሚለካው ሲሊንደሩ የሳበው አየር ምን ያህል እንደተጨመቀ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ናት፣ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የሚገባው አየር ሲሳሳ የሚነበበውም ቁጥር በዚያው ልክ ይወርዳል። ስለዚህ የማኑዋሉን ቁጥር ለሸገር ማውረድ ያስፈልጋል። የ191 ሦስት አራተኛ 143 ነው። የ142 ደግሞ 106። የእኔዋ 138 እያነበበች ነው! 28 ዓመት ልትደፍን የደረሰች መኪና አዲስ ሞተር አጠገብ ናት ማለት ነው። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነትም ከ5 አይበልጥም፣ ማኑዋሉ እስከ 14 ድረስ ይታገሣል።

አልጋ ላይ ሆኜ ስንት ሞተር በዚህ ስሌት ያለ ኃጢአቱ ወርዶ ይሆን ብዬ ሳስብ አደርኩ።

ጋሼ ግን በስሌት ብቻ አላለፉትም። እንደገና ለኩ፣ ከዚያ ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ የምታክል ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምረው ደገሙት። ፋሻ ያለቀ ከሆነ ዘይቱ ክፍተቱን ይደፍንና ንባቡ በጣም ይዘላል። ከ135 ወደ 141 ብቻ ነው የወጣው። «ፋሻው ደህና ነው፣ ሂድ በለው ያንን ልጅ» አሉኝ። አልሄድኩም፣ ሰው ማሳፈር ደስ አይለኝም።

ታዲያ የሚገፋው ማነው? ሞተሩን አስነስተው የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈቱና አንዲት የደረሰኝ ወረቀት አፉ ላይ አስቀመጡ። ሞተር ሥራ ፈት እያለ ወረቀቷ በትንሹ ወደ ውስጥ መሳብ ነበረባት። የእኛዋ ተነስታ ባትሪው ላይ ወደቀች። ደገሙት፣ አሁንም በረረች። ሞተሩ ከውስጥ ተነፍቷል።

ማንኛውም ሞተር፣ አዲስም ቢሆን፣ ትንሽ ጋዝ በፋሻው በኩል ያሳልፋል። ያ ጋዝ መውጫ ያስፈልገዋል። መውጫው የታፔት ክዳኑ ላይ የተሰካች፣ የአውራ ጣት የምታክል ፒሲቪ ቫልቭ የምትባል ዕቃ ናት፤ ከእሷ የሚነሳው ቱቦ ወደ አየር መሳቢያው ይሄዳል፣ ሞተሩ ጋዙን መልሶ ይስበውና ያቃጥለዋል። ሌላ ቱቦ ደግሞ ከክዳኑ ወደ አየር ማጣሪያው ይሄዳል፣ ንጹሕ አየር ማስገቢያ ነው፣ ግፊት ሲበዛ ደግሞ መተንፈሻ ይሆናል። ጋሼ ቫልቯን በጣታቸው ነቀሏት። ሞተሩ እየሠራ ስትነቀል ማፏጨት አለባት፣ ጣት ስታስጠጋባት መሳብ አለባት። ዝም አለች። ጆሯቸው ጋ አድርገው ነቀነቋት፣ ውስጧ ያለችው ነገር ኳ ኳ ማለት ነበረባት። ዝም። በሽቦ ሲቆፍሯት የወጣው ነገር ቡና አተላ የሚመስል ጥቁር ዝቃጭ ነው። ሁለተኛው ቱቦም ውስጡ ጠብቦ እርሳስ እንኳ አያሳልፍም ነበር።

ሁለቱም መውጫ ተደፍኗል። ያ ሁሉ ጋዝ የት ይሂድ? በጣም ደካማ በሆነው ቦታ ወጣ፣ እሱም በክንድ ጉልበት ጠብቆ የተጨፈለቀው ጋርኒሲዮን ነው።

ዝቃጩ ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኳቸው። መልሳቸው ጥያቄ ነበር፦ «በቀን ስንት ትነዳታለህ?» ከሽሮ ሜዳ 4 ኪሎ ደርሶ መልስ አሥር ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጠዋት በብርድ ትነሳለች፣ ዘይቷ በደንብ ሳይሞቅ ትጠፋለች። በቃጠሎ የሚፈጠረው እርጥበት ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፣ ከጥቀርሻ ጋር ተለውሶ ዝቃጭ ይሆናል። ዘይት መቀየሪያዋን ደግሞ በኪሎ ሜትር ነበር የምቆጥረው። 5 ሺህ ኪሎ ሜትር እስኪሞላ አንድ ዓመት ከምናምን ይፈጅባታል። በወር ቁጠር፣ በየስድስት ወሩ ቀይር አሉኝ። ብዙ ሰው የሚስተው ይሄን ነው፣ ትንሽ የምትነዳ መኪና ዘይቷ አያረጅም ይመስለዋል።

ጥገናው ግማሽ ቀን ፈጀ። መጀመሪያ ስፒንተሮጅኖውን፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዕቃ፣ እና ዲናሞውን በፌስታል ጠቀለሉና ሞተሩን በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጠቡት፣ ፌስታሉን ገፈፉ፣ በኮምፕሬሰር አደረቁ። ከዚያ ያላሰብኩትን ነገር አደረጉ። ከመሳቢያቸው የሕፃን ፓውደር አውጥተው የክዳኑን ጠርዝ፣ የስፒንተሮጅኖውን ሥር፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ከብሎኩ የሚገናኝበትን ሁሉ በተኑበት። ሞተሩ ነጭ ሆነ፣ ጋራዡ ሕፃን ሕፃን ሸተተ። አሥር ደቂቃ አስነስተው አጠፉት። ፓውደሩ ላይ ከፊት ጠርዝ ሁለት ጥቁር መስመር ወርዷል። ሌላው ሁሉ ነጭ ነው። «ዘይት ሲወርድ ይሰራጫል፣ ንፋስ ይበትነዋል፣ ሁሉም ቦታ የሚያፈስ ይመስልሃል። ፓውደር አይዋሽም» አሉኝ። የስፒንተሮጅኖው ላስቲክ ቀለበት ደረቅ መሆኑን በዚህ ነው ያወቅነው፤ ያ ልጅ እሱንም ሊቀይር ዝርዝሩ ላይ ጽፎት ነበር።

ክዳኑ ሲነሳ የልጁ ሲልከን ወደ ውስጥም ገብቶ ነበር። አንድ የጣት ርዝመት ያለው ክር የካምሻፍቱ አጠገብ ተንጠልጥሏል። ጋሼ በፒንሳ አንስተው ብርሃን ላይ ያዙት፣ ምንም አላሉም፣ እኔን ብቻ አዩኝ። ያ ክር ቢወድቅ ወደ ዘይት ቋቱ ይወርዳል፣ የዘይት ፖምፓውን ወንፊት ይደፍናል፣ ያኔ 85 ሺህ ብሩ በእውነት ያስፈልግ ነበር። የድሮውን ሲልከን በሙሉ ፋቁ፣ አብዛኛው ሰዓት የሄደው እዚያ ላይ ነው። አዲሱን ላስቲክ ጋርኒሲዮን በደረቁ አስቀመጡ። ሲልከን የነካው የካምሻፍቱ መያዣ ከቴስታታው ጋር የሚገጥምባቸውን ማዕዘኖች ብቻ ነው፣ ያውም የምስር ፍሬ የምታክል። ዳዶዎቹ ሥር ያሉትን ላስቲኮችም ቀየሩ። ሲያጠብቁ በትንሽ ቁልፍ፣ በሁለት ጣት፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞሩ ሦስት ዙር። ማኑዋሉ የሚለው 6 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፣ የጠርሙስ ክዳን ከመግጠም ብዙም አይበልጥም። ላስቲክ የሚይዘው ሲነካ እንጂ ሲጨፈለቅ አይደለም።

ፒሲቪ ቫልቩን ሶማሌ ተራ ሄጄ እኔ ነኝ የገዛሁት፣ እሳቸው ፈተናውን አስተምረውኝ። በአንድ በኩል ስትነፋው አየር ያሳልፋል፣ በሌላው በኩል ስትነፋው ደግሞ ይይዛል ወይም በጣም በትንሹ ያሳልፋል። የመጀመሪያው ሱቅ የሰጠኝ ቆንጆ ማሸጊያ ያለው ነበር፣ ስነፋው በሁለቱም በኩል እንደ ዋሽንት አለፈ። ሻጩ «አንተ ደግሞ ዕቃ በአፍህ ነው የምትገዛው?» አለኝ። ሁለተኛው ጭራሽ አላሳለፈም። ሦስተኛው ትክክል ሆነ፣ ማሸጊያው ግን የተቀደደ ነበር። ሁለቱንም ቱቦ በዘይት በማይበላ ጎማ አስቀየርኩ፣ የውኃ ማኒኮቶ ቆርጠው የሚያደርጉ አሉ፣ ዘይት ሲያገኘው ያብጣል፣ ይፈርሳል። ዘይትና ፊልተሩን ጨምሮ ሁሉም ነገር ወደ 12 ሺህ ብር ገባ።

ወረቀቷን መልሰው የዘይት መሙያው አፍ ላይ አስቀመጧት። ቁጭ አለች፣ እንዲያውም ጠርዟ ጎንበስ ብሎ ተሳበ።

ስሸኝ አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ፦ «ሁለት ሦስት ቀን ትሸታለች፣ እንዳትደነግጥ። የማኒፎልዱ መከለያ ዘይት ጠጥቷል፣ እስኪያልቅ ያርራል። በአምስተኛው ቀን ከሸተተች ና።» ይህን ባይነግሩኝ ኖሮ በዚያው ማታ ተመልሼ በር አንኳኳ ነበር፣ ምክንያቱም 6 ኪሎ መብራት ላይ ከወትሮው ብሳ አረረች። በሁለተኛው ቀን ቀነሰ። በአራተኛው ቀን ባለቤቴ ገብታ ቁልፉን ሰቀለች፣ ስለ መኪናዋ ምንም ሳትናገር። ይቅርታ የጠየቅኳት ያን ቀን ነው። «ስለ የትኛው?» አለችኝ።

ለእውነተኛ ፈተና ደብረ ብርሃን ሄድን፣ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከሸገርም ከፍ ያለ አገር። ሸኖ ላይ ቅቤ ልግዛ ብላ አስቆመችኝ። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ድንገት መቆም፣ ከዚህ የተሻለ ፈተና የት ይገኛል? እሷ ቅቤ ስታሸት እኔ ኮፈን ከፍቼ ሞተር አሸትኩ። ደረቅ ነው። ሻጯ ሴትዮ ሁለታችንንም እያየች ትስቅ ነበር። ስመለስ የዘይት መለኪያውን አየሁት፣ ከላይኛው ምልክት ንቅንቅ አላለም።

በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ዕድለኛ እንደነበርኩ የገባኝ በኋላ ነው። የጋለ ማኒፎልድ ላይ የሚወርድ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ይጨሳል፣ አንዳንዴ ግን ይያያዛል። ጭስ በርከት ብሎ ከኮፈኑ ሲወጣ ካያችሁ ዳር ይዛችሁ ሞተር አጥፉ፣ ሰው ይውረድ፣ ኮፈኑን ግን በአንዴ ወለል አድርጋችሁ አትክፈቱት፤ አየር ሲያገኝ ይነሳል። የእሳት ማጥፊያ ካላችሁ በጠባቡ ክፍተት ነው የሚረጨው። የእኔ ማጥፊያ ያኔ ፖርቶባጋሊዮ ውስጥ ከመለዋወጫ ጎማው ሥር ነበር፣ አሁን ከሹፌሩ ወንበር ሥር ነው።

በየካቲት አንድ ማታ ደግሞ ሸተተች። ሽሮ ሜዳ ገበያው ጋ ቆመን። ደሜ ቀዘቀዘ። ወርጄ ኮፈን ከፈትኩ፣ ሞተሩ ደረቅ፣ ክዳኑ ንጹሕ፣ ቫልቯን ነቀልኳት፣ ታፏጫለች። ባለቤቴ ከወንበሯ ሳትነሳ መስታወቱን ዝቅ አድርጋ «ይሄኛው የዘይት አይደለም፣ የፌስታል ነው» አለችኝ። በዚህ ጊዜ ሰማኋት። የስልኬን መብራት ይዤ ከሥር ገባሁ። የጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ቢጫ ፌስታል ቀልጦ ተጣብቋል፣ መያዣው ገና እየተንጠባጠበ። ሲቀዘቅዝ በካቻቢቴ ፋቅኩት።